ደላላ፦ የሚያሳይ ወይስ የሚሸፍን?



ውድ አንባቢያን፤ በየወሩ አንድ ቃል እያነሳን በምንወያይበት በዚህ ዓምድ ለዛሬ የመረጥነው ቃል ከአፋችን የማይጠፋ፣ ነገር ግን ማንም ለራሱ መጠሪያ እንዲሆን የማይወደው ነው፤ «ደላላ»። በየአጥሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» ከሚለው ማስታወቂያ ግርጌ «ደላላ አንፈልግም» ተብሎ ተጽፎ እናያለን። አንድ ሰው ንግግሩ ሲበዛና ከልክ በላይ ሲጣፍጥ «የደላላ ምላስ አለው» ይባላል። መርካቶ ውስጥ የመንገደኛውን ክንድ ይዞ «ግቡ እንጂ! ማየት በነፃ ነው!» እያለ ወደ ሱቅ የሚጎትተው ወጣት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ስልክ እየደወለ «ዛሬ ካልወሰኑ ያመልጥዎታል» የሚለው ቤት አሻሻጭ፣ በከብት ገበያ በሻጭና በገዢ መካከል ገብቶ እጅ ለእጅ ካላጨባበጥኩ የሚለው ሰውዬ፣ ሁሉም በዚህ በአንድ ስም ይጠቃለላሉ።

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው ነበር። ነገር ግን መነሻ ገንዘብ የሌላቸው፣ ከዘመድና ከጎረቤት ትውውቅ በቀር ሀብት ያላገኙ ብዙ ወጣቶቻችን እንጀራቸውን የሚያበስሉት በዚሁ ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ የአባት ሥራ ሲጠየቅ አንገታቸውን ደፍተው «ነጋዴ» ብለው የሚያልፉ ልጆች አሉ። ልጁ ያፈረበት የአባቱ ገቢ በእርግጥ ሐራም ነው? ወይስ ያሳፈረው ቃሉ ነው? ይህን ለመመለስ ቃሉ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ መከተል ያስፈልጋል።

«ደላላ» ከዐረብኛ ወደ አማርኛችን የገባ ቃል ነው። በዐረብኛው ሥሩ ሦስት ፊደላት ናቸው፤ ዳል፣ ላም፣ ላም። ግሡ «ደልለ» ሲሆን ትርጉሙም አሳየ፣ አመለከተ፣ መንገድ ጠቆመ ማለት ነው። መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ከዚህ ቤተሰብ አንዱን ቃል አሳምሮ ያውቀዋል፤ «ደሊል»። በፊቅህ ክርክር ላይ «ደሊልህ ምንድን ነው?» ስንባባል ወደ እውነቱ የሚያሳየው ማስረጃህ የት አለ ማለታችን ነው። በበረሃ ተጓዦችን የሚመራው ሰውም ደሊል ይባላል። እንግዲህ «ደላል» ማለት ይህንኑ ማሳየት ሙያው ያደረገ፣ ዕቃውን ለገዢ፣ ገዢውን ለባለ ዕቃ የሚያሳይ ሰው ማለት ነው። «ደሊል» እና «ደላል» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ በመስጂድ ተከብሮ ሲኖር ሌላው በገበያ ስሙ ጠፋ።

በዐረቦች ከተሞች የደላሉ ሥራ ለዓይን የሚታይ ነበር። ከ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካይሮን ኑሮ በዝርዝር ጽፎ ያለፈው እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ሌን፣ በኻን አልኸሊሊ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ጧት ደላሎች ልብሱንና መሣሪያውን ተሸክመው ከላይ እስከ ታች እየተመላለሱ፣ የመጨረሻውን ዋጋ ጮክ ብለው እያወጁ ይሸጡ እንደነበር ይነግረናል። ሴት ከሆነች «ደላላ» ትባላለች። ሴቷ ደላላ ገበያ ለማይወጡ እመቤቶች ጨርቁንና ጌጡን ይዛ ከቤት ቤት ትዞራለች። (እኛ ዛሬ ጢም ያበቀለውን ሰው የምንጠራው በዐረብኛ ጆሮ ሴት በሆነው ቃል ነው። ቋንቋ ሲሰደድ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመዋል።)

ቃሉ ከነጋዴው ጋር ያልደረሰበት የለም። ቱርኮች «ተላል» ብለው በአደባባይ ለሚያውጀው ለፋፊ ሰጡት። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ስዋሒሊ ተናጋሪው «ዳላሊ» ይለዋል፤ የሶማሌው ከብት ነጋዴም «ዲላል» ይላል። በሕንድ ሙምባይ ከተማ የአክሲዮን ገበያው ሕንፃ የሚገኝበት ጎዳና እስከ ዛሬ «ደላል ስትሪት» ይባላል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሻጭና ገዢን ለሚያገናኘው ሰው የተዋሰው ከዚያው «አሳየ» ከሚለው ሥር ነው።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን መጥፎ ጎረቤት ገጠመው። በአማርኛችን «ደለለ» ማለት አባበለ፣ አታለለ ማለት ነው፤ «መደለያ» ማለትም ሰውን ከአቋሙ ለማንሸራተት የሚሰጥ ነገር ነው። ዛሬ በጆሯችን ሁለቱ ተጋብተዋል። «ድለላ» ሲባል ማገናኘቱ ይሁን ማታለሉ ለይቶ የሚሰማ የለም። የሚያሳየው ሰው በሚያታልለው ሰው ስም ተጠራ።

ታዲያ ይህ መደባለቅ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በራሱ በቁርኣን ውስጥ «ላሳያችሁን?» ወይም «ላመልክታችሁን?» የሚለው አባባል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ የተናገሩት ግን በጣም የተለያዩ ናቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅመናል።

በሱረቱ ጧሃ (20፥120) ሸይጧን አደምን (ዐ.ሰ.) ወደ ዘላለማዊነት ዛፍና ወደማያልቅ ንግሥና ላመልክትህን ይለዋል። በሱረቱል አዕራፍ (7፥21) ደግሞ ለአደምና ለባለቤቱ ቅን መካሪ ነኝ ብሎ እንደማለላቸው ተነግሮናል። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የራሱ ያልሆነውን ዕቃ አቀረበ፤ የዕቃውን ነውር ሸፈነ፤ የሚያስከፍለውን ዋጋ አልተናገረም፤ በመጨረሻም በመሐላ አሳረገው። የመጀመሪያው መጥፎ ድለላ ይህ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

በሱረቱል ቀሶስ (28፥12) የሙሳ (ዐ.ሰ.) እኅት ሕፃኑ የማንንም ጡት አልይዝ ብሎ በተቸገሩበት ሰዓት ቀረብ ብላ፣ ልጁን ተንከባክበው የሚያሳድጉላችሁን ቤተሰብ ላመልክታችሁን አለቻቸው። አንዲት ልጃገረድ በሁለት ወገን መካከል ቆማ ችግራቸውን አገናኘች፤ ሕፃኑም ወደ እናቱ ተመለሰ። አንድ ተማሪ በዚህ ላይ «እሷስ እኅቱ መሆኗን ሸሽጋ የለም ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሸሸገችው የራሷን ማንነት ነው፤ ያውም ሕፃናትን ከሚያርድ ሰው ቤት። ስለ ቤተሰቡ የተናገረችው ነገር ግን አንዱም ውሸት አልነበረም።

ሦስተኛው በሱረቱ ሶፍ (61፥10) የሚገኘው ነው። እዚያ ተናጋሪው አላህ (ሱ.ወ.) ራሱ ነው፤ ምእመናንን ከአሳማሚ ቅጣት ወደምታድን ንግድ ላመልክታችሁን ይላቸዋል። «ንግድ» እና «ማመልከት» በአንድ አንቀጽ ላይ ተገናኙ። ከዚህ በኋላ ይህ ሥራ በመሠረቱ ርኩስ ነው ለማለት የሚደፍር ሰው ደሊሉን ያምጣ።

ከሐዲስም በዚሁ ቃል የተነገረ አለ። ሙስሊም ከአቡ መስዑድ አልአንሷሪ (ረ.ዐ.) በዘገቡት መሠረት አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ መጓጓዣዬ ከመንገድ ቀረብኝ፣ የምሄድበት እንስሳ ይስጡኝ አለ። እርሳቸው ዘንድ አልነበረም። በዚህን ጊዜ ከተቀመጡት አንዱ «የሚያስጭነውን ሰው እኔ አሳየዋለሁ» አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መልካም ነገር ያመለከተ ሰው የሠሪውን ያህል ምንዳ እንዳለው ተናገሩ። ይህን ሐዲስ ሁላችንም በደዕዋ ስብሰባ ላይ ሰምተነዋል፤ የተነገረበት ምክንያት ግን ግመል ያለውንና ግመል ያጣውን ያገናኘ ሰው መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ሰውዬው ራሱ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ያለው እውቀት ነበር፤ ማን ዘንድ ምን እንዳለ ማወቅ። ይህ እኮ የደላላው ብቸኛ ካፒታል ነው።

«እሺ፣ ያ በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚቀበልበትስ?» የሚል ይኖራል። ኢማም ቡኻሪ በሶሒሓቸው ስለ ቅጥርና ደመወዝ ባዘጋጁት ክፍል ውስጥ ሁለቱንም አስገብተዋል። በሒጅራው ጊዜ ነቢዩና (ሰ.ዐ.ወ.) አቡበክር (ረ.ዐ.) መንገድ እንዲመራቸው በክፍያ የቀጠሩት ሰው፣ ሙስሊም ያልነበረው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ፣ ታሪኩ የሚገኘው በዚሁ ክፍል ነው። ሁለቱን ግመሎቻቸውን አስረክበውት ከሦስት ሌሊት በኋላ ሰውር ዋሻ ዘንድ ተቀጣጠሩ፤ እርሱም ቃሉን ጠበቀ። በዚያን ሰሞን ቁረይሾች ሙሐመድን ላመጣልን ብለው መቶ ግመል የመደቡበት ጊዜ ነበር። ይህ የተቀጠረ ደሊል ከማን ዘንድ የበለጠ እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ግን አላደረገውም።

በዚያው ክፍል ዝቅ ብሎ ስለ ድለላ ክፍያ የሚናገር ርዕስ አለ። ቡኻሪ እዚያ ላይ ኢብኑ ሲሪን፣ ዐጣእ፣ ኢብራሂም እና ሐሰን በደላላ ክፍያ ላይ ችግር እንዳላዩ ጽፈዋል። ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ.) «ይህን ልብስ ሽጥልኝ፣ ከዚህ ዋጋ የተረፈው ያንተ ነው» ብሎ መስማማት ችግር የለውም ማለታቸው ተጠቅሷል። ብዙ ዑለማዎች ግን በዚህ በሁለተኛው ላይ ክፍያው አስቀድሞ ያልታወቀ ነው በማለት አልተስማሙም። ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቡኻሪ በርዕሱ ላይ የተጠቀሙት ቃል «ደላል» ሳይሆን «ሲምሳር» የሚለው ነው። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። ሲምሳር ከፋርስ ወገን የመጣ ቃል ነው፤ ሐዲስ ተንታኙ ኸጧቢ እንደገለጹት በዚያ ዘመን ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ዐጀሞች ስለነበሩ ዐረቦቹ ስሙን ከእነርሱ ወሰዱት። ቃሉ ወደ አውሮፓም ተሻግሮ ጣሊያኖች «ሴንሳሌ» ብለውታል። ቀይስ ኢብኑ አቢ ገረዛ (ረ.ዐ.) የተባሉት ሶሐባ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን እኛ «ሰማሲራ»፣ ማለትም ደላሎች፣ እንባል ነበር ይላሉ። አንድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉባቸው ከዚያ በተሻለ ስም ጠሯቸው፤ «ቱጃር» አሏቸው። ከዚያም መሸጥ ብዙ ከንቱ ወሬና መሐላ የሚገባበት ስለሆነ በሶደቃ እንዲቀላቅሉት መከሯቸው። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል።

ይህን ሐዲስ ቀስ ብሎ ማንበብ ደስ ይላል። ስማቸውን ከፍ አደረጉላቸው እንጂ ከገበያው አላባረሯቸውም። ሥራቸውም ንጹሕ ነው ብለው አልሸነገሏቸውም፤ ወሬና መሐላ እንደሚበዛበት ፊት ለፊት ነገሯቸው። ሰዎቹ ስማቸው ሲለወጥ የተሰማቸውን ደስታ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያወሩት እንኳ እናየዋለን። ያ የክብር ስም ደግሞ ወደ እኛ አገር መጥቷል። በዐረብኛ «ቱጃር» የ«ታጂር» ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጋዴዎች ማለት ነው። በአማርኛ ግን አንዱን ሀብታም ነጋዴ «ቱጃር» እንለዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለደላሎች የሰጡትን ስም እኛ ለባለ ፎቁ ሰጠነው፤ ደላላውን ያለ ስም አስቀረነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን የደላላውን ጥፋት ለማድበስበስ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሏቸውን የገበያ ሥራዎች ብንመለከት አብዛኞቹ ዛሬ «ደላላ» የሚለውን ቃል ያበላሹት እነዚያው ናቸው።

አንዱ ከገጠር ዕቃ ይዞ የሚመጣውን ሰው ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛት ነው። ክልከላው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገጠሬው የገበያውን ዋጋ አላየም። በሙስሊም ዘገባ ላይ ባለ ዕቃው ገበያ ሲደርስ ውሉን የማፍረስ ምርጫ እንዳለው ተነግሯል። ሌላው የከተማ ሰው ለገጠሬው ደላላ ሆኖ ዕቃውን ማስቀመጥና ዋጋ እስኪንር መጠበቅ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ትርጉሙን ሲጠየቁ «ሲምሳር አይሁንበት» ማለት ነው ያሉት በዚህ ላይ ነው። ዑለማዎች ይህ የሚከለከለው መቼ እንደሆነ፣ ሕዝቡ በሚፈልገው ዕቃና ገጠሬው ዋጋ በማያውቅበት ጊዜ እንደሆነ፣ ዘርዝረው ጽፈዋል።

ሦስተኛው ላይ ግን ቆም እንበል፤ ምክንያቱም እርሱም የሚያስገርም ቃል ነው። «ነጅሽ» ይባላል። ለመግዛት ሳይፈልግ ዋጋ እየጨመረ ሌላውን የሚያስጨምር ሰው ሥራ ነው። የቃሉ መነሻ ከአደን የተወሰደ ነው፤ አውሬውን ከተኛበት ቀስቅሶ ወደ አዳኙ መንዳት ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ሥዕል ማን ያመጣል? ገዢው ተረጋግቶ ቁጭ ብሏል፤ አንዱ ከኋላው ቁጥቋጦውን ይነቀንቃል፤ ደንግጦ ሲሮጥ ወጥመዱ ውስጥ ይገባል።

የዛሬው ነጅሽ በስልክ ነው የሚካሄደው። «ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል መንገድ ላይ ነው»፤ «ባለቤቱ ነገ ዋጋ ሊጨምር ነው»፤ «ትናንት በዚህ ዋጋ ተለምነን እምቢ ብለናል»። የለም እኮ! መንገድ ላይ ያለ ሰው የለም፤ ትናንት የለመነም የለም። ወንድሞች፤ ይህ ሁሉ «የሥራ ዘዴ» እየተባለ ከአንዱ ወጣት ለሌላው የሚተላለፍ ነገር ነው። የሥራ ዘዴ አይደለም፤ ስሙ ነጅሽ ነው፤ ብያኔውም ይታወቃል። መሐላውም እንደዚሁ። «ወላሂ በዚህ አልገባልኝም» የሚለው ቃል በገበያችን የሰላምታ ያህል ቀሏል። መሐላ ዕቃን እንደሚያሸጥ፣ በረካውን ግን እንደሚደመስስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ አለ።

ቀደምት ሙስሊሞች ይህን ለግለሰቡ ሕሊና ብቻ አልተዉትም። በየከተማው ገበያ የሚቆጣጠር «ሙሕተሲብ» የሚባል ሹም ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በሻም አካባቢ የኖሩት ሸይዘሪ ለዚህ ሹም በጻፉት መመሪያ ውስጥ ስለ ደላሎች ለብቻው ምዕራፍ አለ። ደላላው ታማኝ መሆን አለበት፤ ከራሱ አንጻር በዋጋው ላይ አይጨምርም፤ ከነጋዴው ጋር በድብቅ ሸሪክ አይሆንም፤ ዕቃውን ለራሱ አይገዛም፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድለት ገንዘቡን አይቀበልም፤ በዕቃው ላይ ነውር መኖሩን ካወቀ ለገዢው ይናገራል። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ቤት የሸጠ ወይም የገዛ ሰው ግን እያንዳንዱን መስመር ሲያነብ የሆነ ፊት ትዝ ይለዋል።

በተለይ «ከራሱ አይጨምርም» የሚለውን እንውሰድ። ባለቤቱ ለደላላው የሚፈልገውን ዋጋ ይነግረዋል፤ ደላላው ለገዢው ሌላ ዋጋ ይናገራል፤ ልዩነቱን ለራሱ ያስቀራል፤ ከዚያ በላይ ከሁለቱም ኮሚሽን ይቀበላል። አንዳንድ ወጣቶች የኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ.) ንግግር ይዘው «የተረፈው ያንተ ነው ተብሎ የለም ወይ?» ይላሉ። አዎ ተብሏል፤ ግን በማን ተባለ? በባለ ዕቃው። የሚፈቅዱትም ሆኑ የማይፈቅዱት ዑለማዎች የተከራከሩት ባለቤቱ አውቆ በተስማማበት ላይ ነው። ባለቤቱ ባላወቀው ትርፍ ላይ ክርክር የለም፤ እርሱ የአማና ክዳት ነው።

ስለ ነውር መናገር ደግሞ በአሕመድ ሙስነድ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ሰነዱ ላይ የሐዲስ ምሁራን ቢነጋገሩበትም መልእክቱ በሌሎች ሐዲሶች የተደገፈ ነው። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ይወጣል። ሶሐባው ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ.) ልብሳቸውን እየጎተቱ ከኋላ ደረሱበት። «ያለባትን ነግረውሃል?» አሉት። «ምን አለባት? እንደምትታየው የሰባች ጤነኛ ናት» አለ። «ለሥጋ ነው የፈለግሃት ወይስ ለመንገድ?» «ለሐጅ ልሄድባት ነው።» «እንግዲያውስ ሰኮናዋ ቀዳዳ አለው» አሉት። ሻጩ ሰምቶ «ገበያዬን አበላሸህብኝ!» ብሎ አማረረ። ዋሲላም ነውሩን ሳይናገር መሸጥ ለሻጩ እንዳልተፈቀደ፣ ነውሩን የሚያውቅ ሌላ ሰውም ዝም ማለት እንዳልተፈቀደለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ነገሩት።

ከታሪኩ የሚገርመኝ ጥያቄያቸው ነው። «ለምን ፈለግሃት?» ብለው ጠየቁ። ለሥጋ ቢሆን ኖሮ የሰኮናዋ ነገር ያን ያህል አይጎዳውም ነበር። የሚያሳይ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የገዢውንም ጉዳይ ያውቃል ማለት ነው። ዛሬ ቤት የሚያከራይ ደላላ፣ ተከራይዋ አሮጊት እናት እንዳላት እያወቀ ሊፍት የማይሠራበትን አምስተኛ ፎቅ በጧት አሳይቶ «ብርሃኑን እይልኝ!» ብሎ የሚያስፈርም ከሆነ ብርሃኑ ውሸት አይደለም፤ የተሸፈነው ግን ደረጃው ነው።

በአገራችን ይህን ሥራ በአግባቡ የሚሠሩ የሉም ማለት ግን ግፍ ነው። በአዲስ አበባ እህል በረንዳ ያሉ የእህል ደላሎች ለረጅም ዘመን የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ ዓይንና እጅ ሆነው ኖረዋል። ኋላ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የመሠረቱት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ስለነዚሁ ደላሎች ያደረጉት ጥናት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ደረጃ ያልወጣለትን እህል ከሩቅ የላከ ነጋዴ ማንን አምኖ ይልካል? ጥራቱን የሚፈትሽለት፣ ገዢ የሚያገኝለት፣ ሲመዘን አጠገቡ የሚቆምለት ደላላው ነው። በሶማሌ የከብት ገበያም ዲላሉ ከብቱ የተሰረቀ አለመሆኑን አውቆ ዋስ የሚሆን ሰው ነው፤ ኋላ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ የሚጠየቀው እርሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ክፍያውን የሚቀበለው በምላሱ አይደለም፤ በስሙ ነው።

ስለዚህ ልጃቸውን የጠየቀው ወጣት ሥራው ድለላ መሆኑን ሰምተው ፊታቸውን ላጠቆሩ አባቶች አንድ ነገር ልበል። ዲኑንና ጠባዩን መጠየቅ መብታችሁም ግዴታችሁም ነው። የሥራውን ስም ሰምቶ በር መዝጋት ግን ከሸሪዓ የመጣ አይደለም። ይልቅ ጥያቄ ጠይቁት። ክፍያህን ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ? ባለቤቱ የተሸጠበትን ዋጋ ያውቃል? ነውሩን ስትናገር ገበያው የፈረሰብህ ጊዜ አለ? ሦስተኛውን ሲጠየቅ ፈገግ ብሎ አንድ ሁለት ታሪክ ማውራት ከጀመረ ሰውዬው ሥራውን ያውቃል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ቤትና ስለ ከብት ነው። ልጆቻችንን ወደ ዐረብ አገር የሚልከው ሰውም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው፤ እዚህ ላይ ግን የሚቀርበው ሰው ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ቦሌ ላይ በፌስታል ልብሳቸውን ይዘው ሲወርዱ ያየናቸው ብዙዎቹ የሄዱት በአንድ ሰው አመልካችነት ነበር። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ቢነሳም አመልካቹ አልጠፋም።

እርሱም ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ባዕድ አይደለም። የሰፈር ሰው ነው፤ የአክስት ልጅ ነው፤ አንዳንዴም ከቤት ቤት እየዞረች ቡና የምትጠጣ፣ «የእገሊት ልጅ እኮ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራችላት» የምትል ሴት ናት። የካይሮዋ ደላላ ጨርቅ ይዛ ነበር የምትዞረው። የተሠራውን ቤት ታሳያለች። የማታሳየው የአሠሪውን ስም፣ የሥራውን ሰዓት፣ ደመወዙ ሲቀር አቤት የሚባልበትን ቦታ፣ ፓስፖርቷን ማን እንደሚይዘው ነው። ሕጋዊውን መንገድም አታሳይም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል፤ ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ብቻ ነው። እንግዲህ «ለቪዛው» ብሎ አባትየውን በሬ የሚያሸጥ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዲት ነገር ሸፍኗል፤ ያ ገንዘብ ከእነርሱ ኪስ የሚወጣ አልነበረም።